እትዬ ግልባጭና የወንድሟ ፍላሽ

ክፍል 9 በምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥላ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቷ የሚከፈተው ወደ ጄኔሬተሩ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ይዘጋል፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ የናፍጣው ሽታ እስኪወጣ ይከፈታል። እዚያ መስኮት ሥር ሠላሳ ዓመት የተቀመጠች ሴት ነበረች። ሥራዋ ጽሕፈት ነው። በጽሕፈት መኪና ጀምራ ወደ ኮምፒውተር ተሻግራለች፤ አብረዋት የተቀጠሩት አንድም በጡረታ፣ አንድም በዝውውር ሄደው ብቻዋን ቀርታለች።

የመሥሪያ ቤቱ ሰው «እትዬ ግልባጭ» ይላታል። ያለ ነገር አይደለም። በእጇ ያለፈ ወረቀት ግልባጩ በመሳቢያዋ ሳይቀር ከክፍል 9 አይወጣም። ኃላፊዎች ለዚህ ግልባጭ አያስፈልግም ሲሏት «እሺ ጌታዬ» ትልና ታስቀራለች። ከዚያ መሳቢያ በወጣ ወረቀት ሦስት ኃላፊዎች ከክስ ድነዋል ይባላል። ግልባጭ የሚነሣበት የካርቦን ወረቀት ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ በእሷ መሳቢያ ጥግ ግን አንድ እሽግ አሁንም አለ። ለምን እንደማትጥለው ሲጠይቋት «እኔንስ መች ጣላችሁኝ» ብላ ትስቃለች።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ታናሽ ወንድሟ ይሠራል፤ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስምንት ዓመት ልጅ፣ እሷ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ትታ ጽሕፈት የተማረችው እሱን ለማሳደግ ነው። ፊደል ያስቆጠረችውም እሷ ናት፤ ደብተር ስላልነበረ ከመሥሪያ ቤት በምታመጣው የተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ። ልጁ ወረቀቱን እየገለበጠ የፊቱንም ማንበብ ስለጀመረ፣ «ቤት» እና «ላም» የሚሉትን አጣርቶ ሳያውቅ «ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድን ይመለከታል» የሚለውን በቃሉ ይወጣው ነበር። ይህን ታሪክ ያልነገረችው ሰው የለም። አንድ ጉድለት ብቻ ሳታርመው ቀረች፤ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ አራት ነጥብ ማድረግ ይረሳል። ለጨዋታ የቸኮለ ልጅ በሩን ሳይዘጋ እንደሚወጣው ነው ትላለች።

ዛሬ አርባ ሊሞላው ነው፤ ጸጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። እሷ ግን በሰው ፊት ሁሉ «ማሙሽ» ትለዋለች። እሱ ጆሮው እየቀላ «እታለም፣ እባክሽ» ይላታል። ባልደረቦቹም «ማሙሽ፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ እኮ» እያሉ ሲያበሽቁት ይውላሉ። እሷ ነገሩን እንደ ፍቅር እንጂ እንደ ሌላ ቆጥራው አታውቅም።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ወደ ክፍል 9 የሚመጣው ሥራ እየሳሳ ሄደ። እያንዳንዱ ክፍል ደብዳቤውን በራሱ መጻፍ ጀመረ። በዚያ ላይ ሁለቱ ኮምፒውተሮቿ አረጁ። አንዱ አንካሳ ነው፤ ቫይረስ ወሮት አንድ ገጽ እስኪከፍት ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ጭራሹን ሬሳ ሆኖ፣ እሷ የሰፋችለትን ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ክፍሉ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ በኮሪደሩ ሲናፈስ ሰነበተ። ከተዘጋ የምትሄደው ከግቢው ጀርባ ወዳለው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው፤ የተሰበረ ወንበርና የዛገ ቧንቧ ወደሚቆለልበት፣ የሚገባና የሚወጣውን ዕቃ ለማስፈረም። ደመወዟ እንደማይነካ ሰምታለች። ያስጨነቃት እሱ አልነበረም። እዚያ የሚላከው ከአገልግሎት ውጭ የሆነ ነገር ነው፤ እኔ ገና አልሆንኩም ትላለች።

አንድ ቀን ጉልበቷን ይዛ ደረጃውን ወጣችና ወንድሟን ለመነችው። ሬሳውን አስነሣልኝ፣ ክፍሉን የሚዘጉበት ምክንያት ይጡ አለችው። እሱ አንገቱን አከከ፣ ወደ መስኮቱ አየ፣ እስቲ ላስብበት አላት። አሥር ቀን ቆይቶ አንድ ሲዲና በክር የታሰረ ሰማያዊ ፍላሽ ይዞ ወረደ።

«ሊኑክስ ይባላል» አላት ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «በዊንዶውስ ፈንታ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ነው፤ ቫይረስ ብዙም አይደፍረውም። ለአሮጌ ማሽን የሚስማማም አለው።»

«ለእኔ ዓይነቷ አሮጊት በለኛ።»

«አንቺማ ገና ነሽ። መላጣ የሆንኩት እኔ ነኝ።»

ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ሬሳው ተነሣ፤ ግን የተነሣው ጥቁር ገጽ ላይ ነጫጭ ፊደል ብቻ ይዞ ነበር። ፊቱስ የት አለ ብላ ጠየቀችው። እሱም ፊቱን የምትመርጪው አንቺ ነሽ አላት። ዴስክቶፕ የሚባለው፣ መስኮቶቹና ምልክቶቹ የሚቀመጡበት ገጽታ፣ እዚህ ብዙ ዓይነት አለው፤ አንጸባራቂም አለ፣ ጭምትም አለ። ችግሩ ሶፍትዌሩ የሚመጣው በጥቅል በጥቅል መሆኑ ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከሁለተኛ ፎቅ በታች አይወርድም፤ ፎቅ ላይ ደግሞ ትልልቅ ነገር ማውረድ ተከልክሏል። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ፣ ጥቅሎቹን እዚያ በፍላሹ ላይ አስቀምጣ ሰኞ ማምጣት ሊኖርባት ነው።

«አንዱ ጥቅል ሌላውን ካላገኘ አይሠራም» አላት።

«እንደ ትንሽ ልጅ በለኛ፤ ያለ ታላቁ የትም አይሄድም።»

ወንድሟ ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ወለሉን ነበር የሚያየው። ያን ቀን አላስተዋለችውም።

ቤተ መጻሕፍቱ ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ሰዓት ነው። እሷ በሩ ሳይከፈት ትደርስና ደረጃው ላይ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ የጽሑፍ ፕሮግራሙን ብቻ አምጥታ ሰኞ ለማሽኑ ብትሰጠው፣ አራት ጥቅሎች ጎድለውኛል ብሎ መለሰላት። በሁለተኛው ቅዳሜ አራቱን ብታመጣ እነሱ ደግሞ ዘጠኝ ጠሩ። አንድ እንግዳ ጠርታ ዘጠኝ ዘመድ ደጇ የተሰለፈባት መሰላት። ከዚያ በኋላ ነው ከማሽኑ ዝርዝሩን አስቀድሞ የሚያወጣውን ትእዛዝ ወንድሟ በቁራጭ ወረቀት የጻፈላት። ትእዛዝ ስትጽፍ እንደ ደብዳቤ ነው፤ ሰረዙንም፣ ክፍተቱንም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች። ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት ጣቶቿ እንደገና እንደ ጀማሪ ቁልፍ ሲፈልጉ ማየቱ አሳፈራትም፣ ደስም አሰኛት።

ማሽኑ አንድ ጥቅል ከጫነ በኋላ የመጣበትን ፋይል ላጽዳው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ ስታይ ደነገጠች። ያለ ግልባጭ የሚጥል ማሽን አይታ አታውቅም። አይሆንም አለችው፤ እንደገናም ቢጠይቃት አይሆንም። እያንዳንዱን ጥቅል በየቅዳሜው ስም በተሰየመ ማኅደር ታስቀምጣለች። በደብተሯም ከየጥቅሉ ስም ፊት ለፊት ሥራውን በራሷ ቋንቋ ትጽፋለች። አንዱ ጋ «ለጽሑፍ» ይላል። ሌላው ጋ «ለድምፅ፤ እኔ አልጠራሁትም፤ ተከትሎ መጣ» ይላል። አንዱ ጋ ደግሞ «ምን እንደሚሠራ አልገባኝም፤ እሱ ከቀረ ግን ሁሉም ያኮርፋሉ» ብላ ጽፋለች። ወንድሟ ይህን አንብቦ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ማሽኑ ቢቃጠል እንኳ ከደብተርሽ መልሰው ይሠሩታል አላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መጀመሪያ የመረጠችው ዴስክቶፕ አንጸባራቂውን ነው። በሥዕሉ ላይ ሲያዩት ያምራል፤ መስኮቶቹ እንደ መጋረጃ እየተንሳፈፉ ይከፈታሉ። የእሷ ማሽን ግን እሱን ተሸክሞ ሲንቀሳቀስ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ በየምዕራፉ ቆሞ ይተነፍሳል። ይሁን፣ ቀስ እያለ ይለምደዋል ብላ የጽሑፍ ፕሮግራሙን ልትፈትን ተነሣች። ጸሐፊ አዲስ መኪና ሲመጣለት በራሱ ጽሑፍ አይፈትነውም፤ የሌላ ሰው ገጽ ሰጥቶ ሳያዛባ መሸከሙን ያያል። ይህ የቆየ ደንቧ ነው። በፍላሹ ላይ ከወንድሟ ልጆች ፎቶግራፎች ጋር ከድሮው የቀረ አንድ ጽሑፍ አይታ ነበር፤ ስሙ በላቲን ፊደል ሆኖ ምን እንደሆነ አይናገርም። እሱን ከፈተችው።

ገጹ ሙሉ በሙሉ ሳጥን ነው። ባዶ፣ እኩል የሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ መስመር በመስመር ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው በጤናቸው የሚታዩት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ከላይ አንድ ቀን፣ ወረድ ብሎ 9፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ እንደገና 9።

ወንድሟ ያን ዕለት ከሰዓት ወረደ። በሩ ላይ ቆሞ ስክሪኑን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከፍላሽህ ነዋ። የኛ ክፍል ቁጥር አለበት፤ ስለኛ ነው እንዴ?»

«ምን ስለኛ ይሆናል። አሮጌ ረቂቅ ነው፤ አጥፊው።»

«ሳላነበው?»

«ምኑን ታነቢዋለሽ፣ እታለም። ሳጥን እኮ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ማውሱን ከእጇ ወሰደና ጽሑፉን ከፍላሹ ላይ ራሱ አጠፋው። ሳጥኑ ለምን መጣ ብላ ስትጠይቀው፣ ዴስክቶፑ ከማሽንሽ ጋር ስላልተስማማ ነው፣ ሌላ ሞክሪ አላት። እሷም ሌላ ለመሞከር ተዘጋጀች። ጽሑፉ ግን ማሽኑ ውስጥ ነበር። ፍላሹ በእጇ በገባ ዕለት በላዩ ያለውን ሁሉ ገልብጣ አስቀምጣለች። ይህን ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ተጠራጥራው አይደለም። ሰው እተነፍሳለሁ ብሎ አይናገርም።

ሁለተኛው ዴስክቶፕ የድሮውን ኮምፒውተር የሚመስለው ነበር፤ ሁለት ቅዳሜ ወሰደባት። ምልክቶቹ በለመደችው ቦታ ስለተቀመጡ ቤቷ የገባች መሰላት። ግልባጩን ከፈተች። ያው ሳጥን። ሳጥኑ አልለቀቀም ብላ ስትነግረው፣ ወንድሟ ምን እንደከፈተች ሳይጠይቅ ከደጅ ሆኖ አሁንም ሌላ ሞክሪ ብሎ ቸኩሎ ሄደ። ሦስተኛው ጭምት የሚሉት ዓይነት ነው። ግራጫ፣ ጌጥ የሌለው፣ ከታች አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ያለችው። ሥራ ሲሰጡት ወዲያው ያደርጋል፤ ሥራ ከሌለ ዝም ይላል። በእርጥብ ጨርቅ የተወለወለ ጠረጴዛ ይመስላል። እሷ ይህን ወደደችው። በእሱ ላይም ሳጥኑ አልጠፋም፤ ግን ከእንግዲህ ፊት አልቀያይርም፣ ሳጥኑን ይዤም ቢሆን እዚሁ እቀራለሁ አለች።

በሰባተኛው ቅዳሜ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነገሩን አጫወተቻት። ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ከኮምፒውተሮቹ ጋር እንደ ልጆቿ የምትጣላ ሴት ናት።

«እትዬ፣ ዴስክቶፑ ምን በደለ?» አለቻት ሴትየዋ። «የፊደል ጥቅል ስላልጫኑ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ልብስ ቢቀይር ማንበብ ይችላል?»

ለካ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ለጽሑፍ፣ ለድምፅ፣ ለሥዕል፣ ላልጠራችው እንግዳ ሁሉ ጥቅል ስትሰበስብ፣ ሠላሳ ዓመት እንጀራዋን የበላችበትን ፊደል ረስታዋለች። ዝርዝሩ በማሽኑ ቋንቋ ስለሚመጣ የራሷ ፊደል ከውስጡ እንደሌለ ልብ አላለችም። የፊደሉ ጥቅል ደግሞ ከሁሉም ትንሹ ነበር፤ ለማውረድ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል አልፈጀም። መንገዱን ሁሉ በራሷ ስትስቅ ሄደች። ማሙሽም ይህችን አያውቃትም ነበር ማለት ነው፣ ሰኞ አስተምረዋለሁ ብላ አሰበች። ፊደሉን ሁለት ጊዜ ላስቆጥረው ነው ብላ፣ የምትለውን ቀልድ በልቧ አዘጋጀች።

ሰኞ ጠዋት ኮቷን ሳታወልቅ ጥቅሉን ጫነች። ግልባጩን ከፈተች። ሳጥኖቹ ፊደል ሆኑ።

መጀመሪያ ያየችው እንደ ጸሐፊ ነው። ኅዳጉ ልክ ነው፤ የመስመሩ ርቀት ልክ ነው፤ ማሽኑ ገጹን ሳያዛባ ተሸክሞታል። እሰይ አለች። ቃላቱን ያነበበችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጉዳዩ፦ ክፍል 9ን ይመለከታል። በክፍሉ የሚገኙት 2 ኮምፒውተሮች ሊጠገኑ የማይችሉና ከአገልግሎት ውጭ ናቸው። የክፍሉ ሠራተኛም አዲስ አሠራር ለመልመድ ዝንባሌም ሆነ ችሎታ የላቸውም። ስለዚህ ክፍል 9 ተዘግቶ ሠራተኛዋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲዛወሩ ሙያዊ አስተያየቴን አቀርባለሁ»

ከታች የወንድሟ ስም ነበር። አቀርባለሁ ካለ በኋላ አራት ነጥብ የለም። ጣቷ እሷን ሳያስፈቅድ ሄዶ አራት ነጥቡን አደረገ።

እንደገና ከላይ ጀመረች። የላቸውም ይላል፤ እንዲዛወሩ ይላል። በሕይወቱ አንድ ቀን አንቱ ብሏት የማያውቅ ልጅ ያከበራት እዚህ ወረቀት ላይ ነው። ቀኑንም አየችው። ቀኑ ሳጥን ሆኖ አያውቅም፤ ሳምንታት ሙሉ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር። ፍላሹን በክር አስሮ ይዞላት ከመውረዱ አንድ ቀን በፊት የተጻፈ ነው። እሷ ሬሳውን አስነሣልኝ ብላ ከለመነችው በኋላ ማለት ነው። ላስብበት ያለው ይህን ነበር።

ማሽኑ ከተነሣ ወዲህ ያተመችው የመጀመሪያ ወረቀት ይህ ሆነ። እሱን ይዛ ደረጃውን ወጣች። ሌላ ጊዜ ከበሩ ጀምራ ትጣራ የነበረችው ሴት ዝም ብላ ብትቆም፣ ወንድሟ ራሱ አይቷት ወጣ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን አየው እንጂ አልተቀበላትም።

«አጥፍቼው ነበር» አለ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይህን አትረሳውም።

«ግልባጭ ነበረኝ» አለችው።

«እታለም፣ ታዝዤ ነው። ክፍሉ እንዲዘጋ ኃላፊው ቀድሞ ወስኖ ነበር። እኔ ወረቀቱን ብቻ ነው የጻፍኩት።»

«ማሽኖቹ አርጅተዋል በል ብለውህ ይሆናል። መልመድ አትችልም በል ያለህ ማነው?»

ከላይ የሆነ ሰው «ማሙሽ» ብሎ እየሳቀ ጠራው።

«እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አለ በመጨረሻ። «ሌላ ክፍል ወስደው እንዳያንገላቱሽ። ዕረፍት ታገኛለች ብዬ ነው።»

«ሊኑክሱስ?»

«ውሳኔው እስኪመጣ ሐሳብሽ እንዲያርፍ። ትለምጂዋለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ፎቅ ላይ ማውረድ አልተከለከለም ነበር፣ አይደል?»

አንገቱን አከከ። እሷም መልሱን አልጠበቀችም።

ደረጃውን ስትወርድ አንድ ነገር ትዝ አላት። እናታቸው የሞተች ሰሞን ልጁ በየማታው ሲያለቅስ፣ የምታደርገው ሲጠፋት የቁልፍ ዘለላ እያንቃጨለች ታባብለው ነበር። ልጁ ድምፁን ሲሰማ ያጣውን ይረሳል። አሁን ያ ልጅ አድጎ ሰባት ቅዳሜ አንቃጨለላት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላሉ፤ ፈረሱን ከውርንጭላነቱ አቅፎ ላሳደገ ሰው ግን ምን እንደሚባል የተረቱ ሰዎች አልነገሩንም።

በማግሥቱ ኃላፊውን ክፍል 9 ድረስ እንዲወርድላት ለመነችው። ወረደ። ሬሳው የነበረውን ማሽን አሳየችው፤ ደብዳቤ ከፈተችለት፣ አንድ አንቀጽ በፊቱ ጻፈች፣ አተመች። ደብተሩንም፣ የጥቅሎቹንም ማኅደሮች አሳየችው። ይህን ሁሉ ብቻዬን ነው የለመድኩት አለችው። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ በእውነት አየው።

«ጎበዝ ነዎት» አላት። «ግን እትዬ፣ ደብዳቤው ከላይ ተፈርሞ መጥቷል። ደግሞስ ወንድምዎ ነው የጻፈው። ከወንድም በላይ ማን ያውቅዎታል ብለን ነው ያመንነው።»

ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ሐሰት ነው ትል ነበር፤ መሳቢያዋን ከፍታ የሠላሳ ዓመት ግልባጭ ትደረድር ነበር። ወንድሟ እማኝ ሆኖባት ግን በምን ትከራከር? አንገቷን ደፍታ እሺ ጌታዬ አለች። በሁለት ሳምንቱ ክፍል 9 ተዘጋ።

ሁለቱ ማሽኖችም ከአገልግሎት ውጭ ተብለው እሷን ተከትለው ወደ ግምጃ ቤቱ መጡ። ያስገባቻቸው ራሷ ናት፤ ለአምጪዎቹ ፈርማለች። አንካሳውን ከቧንቧዎቹ አጠገብ አቆመችው። ሌላውን አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ሰካችው። ግራጫው ዴስክቶፕ ያለ ኩርፊያ ተከፈተ። የዕቃ መቀበያና መስጫ ቅጹን በእሱ ላይ ሠራች። ከዚያ በፊት ቅጹ በእጅ የሚሰመር፣ መስመሩ የተንጋደደ ወረቀት ነበር።

ወንድሟ በእሑድ እሑድ ቤቷ ይመጣ የነበረው ቀረ። እሷም ለምን ቀረህ አላለችም። አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ ያን ሰኞ ግልባጩን ሳትከፍት ሌላ ጽሑፍ ብትፈትን ኖሮ፣ ወይም የፊደሉን ጥቅል ጭራሽ ሳታገኘው ብትቀር፣ ሳጥኖቹ ሳጥን እንደሆኑ ይቀሩ ነበር ብላ ታስባለች። ክፍሉ ያው ይዘጋ ነበር። እሷ ግን ወንድም ይኖራት ነበር። ወዲያው ደግሞ በዚህ ሐሳቧ ትናደዳለች፤ ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ ላለ ሰው ዓይን መጨፈን አይሆንላትም።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ መጣ። ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ቧንቧዎቹን፣ ወንበሮቹን፣ ከዚያ የበራውን ማሽን አየ። መሥሪያ ቤቱ በየቅርንጫፉ ያሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች በሊኑክስ ለማስነሣት ወስኖ ሥራውን ለእሱ ሰጥቶታል፤ ክፍል 9 ውስጥ ሞክሮት ስለተሳካለት። ይህን ሲነግራት ቃሉን በጥርሱ መካከል ነበር የሚያሳልፈው። ቅርንጫፎቹ ኢንተርኔት የላቸውም። ስለዚህ የሰበሰበቻቸው ጥቅሎች ከነቅደም ተከተላቸው፣ ከነደብተሩ፣ ቢኖሩ ብዙ ድካም ይቀንሱለት ነበር። ፍላሹ አንቺው ጋ ነው አይደል አላት።

«አለ» አለች። «የእርስዎ ንብረት ነው፤ ይወስዱታል።»

እርስዎ የሚለውን ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ከመሳቢያዋ ሰማያዊውን ፍላሽ ከነክሩ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጥቅሎቹን ከላዩ ካነሣች ሰንብታለች፤ ሰባቱም ቅዳሜዎች የራሷ በሆነ ቦታ ተቀምጠዋል። የልጆቹን ፎቶግራፎች በነበሩበት ትታለች። ከእነሱ ጋር አንድ ጽሑፍ ብቻ መልሳ አስቀምጣለች፤ ያንኑ፣ አራት ነጥቡ የተደረገለትን።

«ጥቅሎቹ እዚህ ላይ አሉ?» አላት።

«እዚያ ላይ ያለው የእርስዎ ነው። ጥቅል ከፈለጉ ፎቅ ላይ ያወርዳሉ። አልተከለከለም።»

«እታለም፣ ስለ እናታችን። አንተ በይኝ።»

እሷ ቅጹን ሞልታ አዞረችለት። ዕቃ፦ ፍላሽ፣ ብዛት፦ አንድ፣ ተረካቢ የሚለው ጋ ሙሉ ስሙን ጽፋለች። ከቅጹ ሥር ካርቦኑ ተነጥፏል።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» አለችው።

ብዕሩን አነሣ። ከዚያ ፈረመ። ፊተኛውን ቅጠል ቀድዳ ሰጠችው፤ እሱም ፍላሹን በጡጫው ይዞ በተሰበሩት ወንበሮች መካከል ወጣ። በሩን ሳይዘጋው ሄደ። እሷ ተነሥታ ዘጋችውና ተመልሳ ግልባጩን ወደ መሳቢያዋ ከተተችው።